ድልቅልቁ ከምሥራቅ ነው

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል የጀመረው መንቀጥቀጥ ሀገሩን ሁሉ የርዕደ መሬት ተማሪ አደረገው። መስከረም 26 ማታ አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ላይ የነበረ ሰው በደረጃ ወደ ውጭ ሮጠ። ታኅሣሥ 26 መጠኑ 5.7 ገደማ የሆነ መጣ፤ የካቲት 7 ሌሊት ደግሞ ወደ 6 የተጠጋ። በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሣ። ዓመት ሳይሞላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018፣ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ዝም ብሎ እንደኖረ የሚነገርለት የአፋሩ ኃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳና አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ደረሰ።

ይህ ሁሉ ሲወራ ቢቸናና ሞጣ ያለው ሰው “እኛስ?” ማለቱ አይቀርም። ጠያቂው ዓይኑን ወደ ዓባይ በረሃ ቢወረውርም አይፈረድበትም። ምሥራቅ ጎጃምን እንደ ቀለበት የከበበ፣ ጥልቀቱ ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ ገደል ላየ ሰው መሬት የተሰነጠቀች ይመስለዋል። ገደሉን የቆፈረው ግን ውኃ ነው። ደጋው በሚሊዮኖች ዓመታት ቀስ እያለ ሲነሣ ወንዙ ቁልቁል ቆረጠው፤ ከላይ የ30 ሚሊዮን ዓመቱን ጥቁር ድንጋይ፣ ቀጥሎ የጥንት ባሕር ያስቀመጠውን የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም፣ ከሥር አሸዋማውን አለት እያሳየ ወረደ። የጮቄ ተራራ ራሱ እሳተ ገሞራ ነበር፤ ከሞተ ግን ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ከሞጣ በታች ያለው ሰባራ ድልድይም ስሙን ለሰማ የድልቅልቅ ሥራ ሊመስለው ይችላል። የሰበረው ግን የጣልያን ጊዜ ጦርነት ነው።

ሕያው ስንጥቅ ያለው በምሥራቅ ነው። ከአንኮበርና ከደብረ ሲና ጀምሮ በካራ ቆሬና በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚሄደው የደጋው ጠርዝ የአፋር ምዕራባዊ ወሰን ነው፤ ከቢቸና በቀጥታ ቢለካ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የስምጥ ሸለቆውን ደቡብ ክፍል፣ ከአዋሽ እስከ ሐይቆቹ ያለውን፣ እንዝለለው፤ እዚያ መሬት በአማካይ በዓመት ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ አትከፈትም። ስለ አፋር ግን አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በ1998 ዓ.ም. መስከረም በዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ቦታ ቅልጥ አለት ከሥር ሰርጎ ገብቶ መሬቱን በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ገነጠለው። እዚያው አጠገብ ያለው የዳ ዑሬ እሳተ ገሞራ የፈነዳው መስከረም 16፣ ደጋው ደመራ በሚያቃጥልበት ዕለት ነበር። “አፍሪካ ለሁለት ልትከፈል ነው” የሚለው አርዕስት የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ጉዳዩ የሚሊዮኖች ዓመታት መሆኑን አርዕስቱ አይነግረንም።

ከዚህ መስክ ሰዎች ሁሉ እኔን የሚማርኩኝ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን አባ ፒየር ጉዊን ናቸው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ያኔ ኮሌጅ በነበረው፣ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሐሳብ የምድርን ማግኔት መለካት ነበር፤ መሬቱ ግን ሌላ ሥራ ሰጣቸው። ግንቦት 24 ቀን 1953 የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈረሳት፤ የአዲስ አበባ - አሥመራን መንገድ ሰነጠቀው። መጋቢት 20 ቀን 1961 ደግሞ በአሰብ መንገድ ላይ ያለችው ሰርዶ ወደቀች፤ ከ20 ሰው በላይ ሞተ። መሣሪያው እነዚህን መዘገበ። አባ ጉዊን ግን መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት የነበረውንም ፈለጉ፦ ዜና መዋዕሎችን፣ የመንገደኞችን ማስታወሻ፣ የሚስዮናውያንን ደብዳቤ። በ1979 እ.ኤ.አ. ኦታዋ ላይ የታተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የርዕደ መሬት ታሪክ መጽሐፋቸው ዛሬም የዘርፉ ሰው ሁሉ የሚጀምርበት ነው።

መጽሐፉን ሳስብ የሚያጠራጥረኝ አንድ ነገር አለ። የመሬትን ታሪክ የያዘውን ያህል የጸሐፊዎችንም ታሪክ ይዟል። በ1835 ዓ.ም. አንኮበር ላይ የወረደውን ናዳና ድልቅልቅ የምናውቀው የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ከተማ ስለነበረችና የውጭ እንግዶች እዚያ ስለ ተቀመጡ ነው። ነሐሴ 19 ቀን 1898 በሐይቆቹ አካባቢ የተነሣው፣ መጠኑ ከ6.5 የማያንሰው፣ አዲስ አበባ ገና ልጅ ሳለች ስላንቀጠቀጣት ተጻፈ። በዚያው ዘመን በአፋር በረሃ የተንቀጠቀጠውን ማን ጻፈው? ብራናና ቀለም የነበረው ደጋው ላይ፣ እንደ ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም ባሉ ገዳማት ነው። ስለዚህ “በዚህ ቦታ መንቀጥቀጥ በዝቶ ነበር” የሚል የድሮ ዝርዝር ሳነብ መጀመሪያ የምጠይቀው በቦታው ጸሐፊ ነበር ወይ ብዬ ነው።

በ2017 የተነሣውን አንድ ክርክር ግን በትዕግሥት መስማት ይከብደኛል። መንቀጥቀጡን ያመጣው የህዳሴው ግድብ ውኃ ነው የሚሉ፣ በተለይ ከግብፅ በኩል፣ በየቴሌቪዥኑ ወጡ። ትልቅ የውኃ ክምችት ከሥሩና ከዙሪያው ያለውን ስንጥቅ ሊነካ መቻሉ የታወቀ ነው፤ በሕንድ ኮይና ታይቷል። ግድቡ ያለበት ጉባ ግን ከፈንታሌ በቀጥታ መስመር ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በፈንታሌ በኩል ደግሞ ሳተላይት ያሳየው ቅልጥ አለት ከሥር እየሰረገ መሬቱን ሲከፍተው ነው። አባባላቸው እውነት ከሆነ ውኃው ይህን ያህል ርቀት ዘልሎ በመካከል ያለውን ደጋ ሁሉ ሳይነካ አዋሽን ብቻ መረጠ ማለት ነው።

ታዲያ ምሥራቅ ጎጃም አትነቃነቅም? ከምሥራቅ የሚመጣው ሞገድ ርቀቱ ቢያደክመውም ከእነ አካቴው አይጠፋም። የቢቸና ጤፍ የሚበቅልበት ጥልቅ ጥቁር አፈር ከደረቅ አለት ይልቅ ሞገድን ያጎላል። በባሕር ዛፍ ማገርና በጭቃ የተሠራ ቤት ሲወዛወዝ ይተጣጠፋል፤ ያለ በቂ ብረት በብሎኬት የተደረደረ ፎቅ ግን አይተጣጠፍም። በከተሞቹ እየበዛ ያለው ደግሞ ሁለተኛው ነው። የሕንፃ ደንቡ የርዕደ መሬትን ጉዳይ ከጻፈ ቆይቷል፤ ብረቱ መግባቱን ማየት ያለበት የወረዳ መሐንዲስ ነው።

ያለ መንቀጥቀጥም የሚንቀሳቀስ መሬት አለ። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ክረምት በገባ ቁጥር ይንሸራተታል፤ የጃፓን ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር መሣሪያ ተክለው አጥንተውታል። በመንገዱ የሚመላለስ ሾፌር ጥናቱን ማንበብ አያሻውም፤ አምና ቀጥ ያለው አስፋልት ዘንድሮ ሞገድ ሠርቶ ይጠብቀዋል።