ተሳቢን ከመኪና ጋር ስለ ማያያዝ

ቀጨኔ በአዲስ አበባ ሰሜን፥ በጉለሌ፥ ከእንጦጦ ግርጌ ያለ የሸማኔና የሸክላ ሠሪ ሰፈር መሆኑ የታወቀ ነው። መንገዱ አቀበትና ቁልቁለት ነውና ተሳቢ ለሚጎትት ሰው መፈተኛ ይሆናል። በዚሁ መንገድ ያየሁትን፥ ዘርና ማዳበሪያ እንዲጓዝ ለምታዝዙ ለየወረዳው ሹማምንት ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እጽፋለሁ።

በግንቦት ወር አንዲት ፒክአፕ መኪና የድንች ዘር በጆንያ የተጫነበትን ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ እየጎተተች አቀበቱን ስትወጣ፥ ተሳቢው ተላቀቀና ወደ ኋላው ተንደረደረ። የሰው ነፍስ አልጠፋም። ነገር ግን አንዲት ሸክላ ሠሪ ከደጃፏ ፀሐይ ላይ ያሰጣችውን ጀበናና ማሰሮ ሁሉ አድቅቆ፥ ከድንጋይ ካብ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። ሴትዮይቱ ስብርባሪውን እየለቀመች «እሳት እንኳ ሳያየው!» አለች። ነጂው ሁልጊዜ እንዲሁ እንደሚጭን ተናገረ። እውነቱን ነው፤ ጥፋቱም ይኸው ነው።

ለማራገፍ እንዲቀለው ከባዶቹን ጆንያዎች ከኋላ ደርድሯቸው ነበር። የኋላው ሸክም ሲበዛ የተሳቢው ፊት እንደ ሚዛን ይነሣል፤ በአቀበት ይብሳል። በሜዳም ቢሆን ፍጥነት ሲጨመር ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ መኪናይቱን ይዞ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ከባዱ ጭነት ከጎማዎቹ ጥቂት ወደ ፊት ይሁን። የተሳቢውና የጭነቱ ጠቅላላ ክብደት 800 ኪሎ ቢሆን፥ ከ10 እስከ 15 በመቶው፥ ማለት ከ80 እስከ 120 ኪሎ የሚሆነው፥ በመያያዣው ላይ ሊያርፍ ይገባል። እጅግ ቢበልጥ ግን የመኪናይቱ ኋላ ይጫንና የፊት ጎማዎቿ ለመሪ አይታዘዙም።

መያያዣውም ይመርመር። ከመኪናይቱ ኋላ ያለው የብረት ኳስና በላዩ የሚደፋው የተሳቢው ቆብ ልካቸው አንድ መሆን አለበት። ኳሱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢያንስ የገጠመ ይመስላል፤ መኪናይቱ በጉድጓድ ስትዘል ግን ይወልቃል። ቆቡ ከተቆለፈ በኋላ የተሳቢውን ዘንግ በክሪክ ወደ ላይ ማንሣት ነው፤ የመኪናይቱ ኋላ አብሮ ከተነሣ ይዟል፥ ቆቡ ብቻውን ከተነሣ አልያዘም።

ያ ተሳቢ ሰንሰለት አልነበረውም። ገበሬ ሞፈሩን ከቀንበሩ በምራን ሳያስር በሬ አይነዳም፤ የእኛ ነጂ ግን ሰንሰለቱን እንደ ጌጥ ይቈጥረዋል። ሁለት ሰንሰለት በዘንጉ ሥር ተመሳቅሎ ይታሰር፤ ቆቡ ቢወልቅ ዘንጉ መሬት ሳይነካ በመስቀለኛው ላይ ያርፋልና። ለመታጠፊያ ያህል ይላላ እንጂ መሬት አይጎተት።

ቁልቁለት ሲወርዱ ከመጀመሪያው በከባድ ማርሽ መያዝ ነው፤ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ፍሬኑን ያቃጥላል። ተሳቢውን ለመፍታትም አስቀድሞ በጎማዎቹ ሥር ታኮ ማድረግ ያስፈልጋል።

ያ ነጂ ዛሬ ሰንሰለት ገዝቷል። ለሸክላ ሠሪይቱ ካሣ ብሎ የሰጣት አንድ ጆንያ ድንች ነው። የማን ድንች እንደ ነበረ አልጠየቅሁም።