ከተማን ማጥናት የነዋሪው ተግባር ነው

የከተማ ጥያቄ በመሠረቱ የሕንፃ ጥያቄ ሳይሆን የሕዝብ ኑሮ ጥያቄ ነው። ከተማን የሚገነባውና የሚጠብቀው ሠርቶ አደሩ ሆኖ ሳለ፣ የከተማው ጥናት ግን ከእርሱ ተነጥሎ በባለሙያዎች ቢሮና በአበዳሪዎች ጠረጴዛ ላይ ሲዘጋጅ ኖሯል። ውጤቱም በወረቀት ላይ ያማረ፣ በመንደር ውስጥ ግን የማይታይ ዕቅድ ነው። ይህን ልማድ የሰበረ አንድ ተጨባጭ ልምድ ለነዋሪዎች ማኅበራት አባላትና ለሠራተኞች ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ኦራንጊ በፓኪስታን ትልቅ ከተማ በካራቺ ሰሜን ምዕራብ የሚገኝ ሰፊ የሠራተኞች ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ፣ በተለይም ባንግላዴሽ ነጻ ከወጣችበት ከ1971 በኋላ፣ ቤት ያጣው ሕዝብ እየጎረፈ ሰፈረበት። የፍሳሽ ማስወገጃ ግን አልተዘረጋለትም። ቆሻሻ ውሃ በየደጃፉ ይፈስ፣ ሕፃናትም በውሃ ወለድ በሽታ ይጠቁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1980 አክታር ሐሚድ ኻን የተባሉ የማኅበራዊ ጉዳይ አዋቂ በዚሁ ሰፈር የጥናት ፕሮጀክት መሠረቱ። ሥራቸውን የጀመሩት ገንዘብ በማደል ሳይሆን ነዋሪውን በመጠየቅ ነበር። ከጥናቱም አራት እንቅፋቶች ተለዩ፦ አንደኛ፣ ሁሉንም ነገር መንግሥት በነጻ ይሠራልናል ብሎ መጠበቅ፤ ሁለተኛ፣ አለመደራጀት፤ ሦስተኛ፣ የወጪው ከአቅም በላይ መሆን፤ አራተኛ፣ የሙያ እጥረት።

መፍትሔውም ከእነዚሁ እንቅፋቶች መነሻነት ተቀየሰ። ከ20 እስከ 40 ቤቶች የሚገኙበት አንድ መተላለፊያ መንገድ የድርጅት መሠረት ሆነ። የመተላለፊያው ነዋሪዎች ተጠሪያቸውን መረጡ፤ ተጠሪውም መዋጮውን ሰብስቦ ሥራውን አስተባበረ። ፕሮጀክቱ ካርታ፣ የወጪ ግምት፣ መሣሪያና ሥልጠና አቀረበ እንጂ የነዋሪውን ገንዘብ አልነካም። ንድፉ ቀላል ሆነ፤ ተደጋግሞ የሚያገለግል የብረት ቅርጽ ማውጫ ተሠራ፤ የኮንትራክተሩ ትርፍና የጉቦ ድርሻ ከሒሳቡ ወጣ። በመጀመሪያ ላይ አርማታው በቂ ውሃ ሳይጠጣ እየቀረ የተበላሸ ሥራ ነበር። ሆኖም ስሕተቱ አልተደበቀም፤ ተጠንቶ ታረመ። በዚህ ዓይነት በሁለት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ከ6,000 በላይ በሆኑ መተላለፊያዎች፣ ከ90,000 ለሚበልጡ ቤቶች የፍሳሽ መስመር ተዘረጋ።

ይሁን እንጂ የጥናቱ ፍሬ በአንድ ሰፈር ብቻ አልተወሰነም። ፐርዊን ራህማን የተባሉ አርክቴክት ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር በመሆን የካራቺን የፍሳሽ መስመሮችና የተፈጥሮ ቦዮች በካርታ ላይ አሰፈሩ። በዚያን ጊዜ ኮራንጊ ለተባለው ሌላ የከተማው ክፍል፣ 70 ሚሊዮን ዶላር ከእስያ ልማት ባንክ የሚበደሩበት የፍሳሽ ፕሮጀክት ታቅዶ ነበር። አጥኚዎቹ በመሬቱ ላይ ያለውን ነባር መስመር በማስረጃ አሳይተው፣ በአነስተኛ ወጪ ሊሠራ የሚችል አማራጭ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1999 ብድሩ ተሰረዘ። ሕዝብ ራሱ ያጠናው ካርታ አገርን ከዕዳ ሊያድን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ መታረም አለበት። የነዋሪው መደራጀት የመንግሥትን ኃላፊነት አይተካም። በኦራንጊ ስምምነት የየቤቱ መጸዳጃ፣ የመተላለፊያው መስመርና የሰፈሩ ሰብሳቢ መስመር የነዋሪው ድርሻ ነው፤ ዋናው መስመርና ማጣሪያው ግን የመንግሥት ነው። አንዱ ወገን ድርሻውን ሲተው ምን እንደሚከተል ካራቺ ራሷ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ከባድ ዝናብ ከተማዋን አጥለቀለቃት፤ በ2021 ደግሞ የኦራንጊንና የጉጀርን ቦዮች ለማስፋት ተብሎ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ፈረሱ። ዋናው ቦይ ሳይጠበቅ ሲቀር ዕዳውን የከፈለው በዳርቻው የሚኖረው ድሃ ነው። እውነቱን በካርታ ማሳየትም ዋጋ ያስከፍላል፤ የመሬት ነጣቂዎችን ሲያጋልጡ የኖሩት ፐርዊን ራህማን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 በካራቺ በጥይት ተገድለዋል።

በአገራችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲቋቋሙ፣ ነዋሪው ስለሚኖርበት ሰፈር የመምከር መብቱ በሕግ ታውቆለት ነበር። መብት ግን ያለ ዕውቀት ባዶ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ማኅበር ከራሱ መንደር ይጀምር፦ ቦያችን ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል? የሚዘጋው በማን ቸልተኝነት ነው? እኛ የምንሠራው የቱ ነው? ከመንግሥት የምንጠይቀውስ የቱን ነው? ጥያቄዎቹ በስብሰባ ተነስተው፣ በእግር ተለክተው፣ በወረቀት ላይ ሊሰፍሩ ይገባል። የነገዋ ከተማ ጸንታ የምትቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ሰፈሩን ያላጠና ነዋሪ የሌላው ሰው ዕቅድ ተመልካች ሆኖ ይቀራል፤ ሰፈሩን ያጠና ነዋሪ ግን የከተማው ባለቤት ነው።