በጤነኛ ሕፃን ደም ውስጥ ስለሚገኘው የጨጓራ ባክቴሪያ ምልክት

የሰው ጨጓራ ብርቱ አሲድ የሚያመነጭ ስለ ሆነ፥ ሕይወት ያለው ረቂቅ ነገር በውስጡ ሊኖር አይችልም ተብሎ ብዙ ዘመን ይታመን ነበር። ነገር ግን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1982 ዓ.ም. ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሐኪሞች በአውስትራልያ አገር በፐርዝ ከተማ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ ከሰው ጨጓራ አውጥተው በብልቃጥ አሳደጉት። ማርሻልም በ1984 ዓ.ም. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው መቈጣቱን አሳየ፤ ይህ ማንም ሊከተለው የማይገባ ድፍረት ነው። በ2005 ዓ.ም. ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ባክቴሪያው በሰው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በሕፃንነት ነው፤ ይልቁንም ብዙ ሰው በጠባብ ቤት በሚኖርበትና ንጹሕ ውሃ ባነሰበት ስፍራ ከእናት፥ ከወንድምና ከእኅት ይተላለፋል። ከገባም በኋላ በብዙዎቹ ዘንድ ሕመም ሳያሳይ ዕድሜ ልክ ይኖራል። የጨጓራ ቍስል ወይም ካንሰር የሚያመጣው በጥቂቶች ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ካደጉ በኋላ ነው።

ባክቴሪያው ሲገባ ሰውነት እርሱን የሚቃወም አንቲቦዲ የሚባል ነገር በደም ውስጥ ይሠራል። መርማሪው በደሙ ውስጥ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ይህን አንቲቦዲ ነው። ነገሩ ሠራዊት የሰፈረበትን ሜዳ እንደ ማየት ነው፤ የምድጃው አመድ ሠራዊቱ እንደ ነበረ ይመሰክራል እንጂ ዛሬ መኖሩን አይናገርም። መድኃኒት ወስዶ የዳነ ልጅ ደም አንቲቦዲውን ብዙ ወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ይዞ ይቈያል። አራስ ልጅም በማሕፀን ሳለ ከእናቱ ስለሚቀበለው፥ በጨጓራው ምንም ሳይኖር ምልክቱ ይገኝበታል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ይጠፋል። ደግሞም ባክቴሪያው ያለበት ትንሽ ልጅ ደም ምልክቱን ሳያሳይ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ይህ ምርመራ የሚጠቅመው በአንድ አገር ባክቴሪያው ምን ያህል ሕፃናትን እንደ ነካ ለመገመት ነው። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች በ2017 ዓ.ም. ባወጡት መመሪያ አንድን ልጅ ለማከም በደም አንቲቦዲ እንዳይፈረድ መክረዋል። ባክቴሪያው ራሱ መኖሩን ለማወቅ የዓይነ ምድርና የትንፋሽ ምርመራ ይሻላል።

እየበላና እየሮጠ የሚያድግ ልጅ አባት «ተገኝቶበታል» የሚል ወረቀት ይዞ ለመድኃኒት በግ ሊሸጥ ቢነሣ፥ መምህሩ ይህን ያስረዳው። ሕክምናው አንቲባዮቲኮችንና አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት አጣምሮ ብዙ ጊዜ 14 ቀን የሚወሰድ ነው፤ ያለ ምክንያት ቢሰጥ ወይም በመካከል ቢቋረጥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳል። ነገር ግን ልጁ ደም ቢያስታውክ፥ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ቢጠቍር፥ የሆድ ሕመም በሌሊት ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሰው ወይም ሰውነቱ ቢከሳ፥ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።