ተንሳፋፊውን ቡሽ ከመንጠቆው ምን ያህል እናርቀው?

ከወልድያና ከመርሳ ወደ ደሴ ሲጓዙ የሚገኘው ሎጎ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። መንጠቆን ያን ያህል ማውረድ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ የታችኛው ውኃ ከላይኛው ጋር እምብዛም ስለማይቀላቀል ኦክስጅን ያጥረዋል። ቆሮሶ የተባለው ዓሣም ዋና ምግቡ አልጌ፣ አልጌውም የሚበቅለው ብርሃን ባለበት ስለሆነ፣ ወደ ዳርና ወደ ላይኛው ውኃ ያደላል። «ትልቁ ዓሣ ከታች ነው» የሚሉ አሉ። አምባዛ ወለል መውደዱ እውነት ነው፤ ያ ወለል ግን ኦክስጅን ያለበት፣ ለዳር የቀረበው ነው።

ስለዚህ ከቡሹ እስከ መንጠቆው ያለው የክሩ ልክ በግምት ሳይሆን በመለካት ይወሰን። መንጠቆው ላይ ቡሹን ሊያሰጥም የሚችል ክብደት አስሮ መጣል ነው፤ ቡሹ ከሰጠመ ክሩ አጥሯል፣ ከተጋደመ ረዝሟል፣ ጫፉ ብቻ ከታየ ወለሉ ተገኝቷል። ከዚያ ክብደቱን ፈትቶ፣ ለአምባዛ መንጠቆው ላይ የተሰካውን ትል ወለሉ አጠገብ መተው፣ ለቆሮሶ ደግሞ ዓሣው እስኪነካ ድረስ ስንዝር በስንዝር ከፍ ማድረግ ይበጃል።