በሚጓዝ በረዶ ላይ ስለ ተሠሩ የሠራተኞች ቤቶች

ነጋዴ ከከተማ ለራቀ የሥራ ጣቢያ የሠራተኞች ቤት ሲያቀርብ፣ ሒሳቡን የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ ቤቱ ተተክሎ ቁልፉ በተረከበ ጊዜ ነው። ቤቱ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል፣ የቆመበት ስፍራ ቢከዳውም ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሃሊ የሚባለው፣ በአንታርክቲካ የሚገኘው የብሪታንያ የምርምር ጣቢያ ግን ይህን ጥያቄ ሳይወድ በግድ ተምሮታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ጣቢያው በ1956 የተመሠረተው በምድር ላይ ሳይሆን፣ ብራንት በተባለ በባሕር ላይ በሚንሳፈፍ ሰፊ የበረዶ ንጣፍ ላይ ነው። በዚያ በየዓመቱ ከአንድ ሜትር የማያንስ በረዶ ይከመራል፤ የሚያቀልጠውም በጋ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቤት ቀስ በቀስ ተቀበረ፤ ሠራተኞቹም ወደ መኝታቸው በመሰላል የሚወርዱ ሆኑ፤ በመጨረሻ የበረዶው ክብደት አደቀቀው። በ1967፣ በ1973 እና በ1983 በተከታታይ የተተኩትም ዕጣቸው ያው ሆነ። አምስተኛው በብረት እግሮች ላይ ቆሞ በየዓመቱ በክሪክ ከፍ ይደረግ ስለ ነበር ከመቀበር ዳነ። ነገር ግን ንጣፉ ራሱ ወደ ባሕር ይጓዛል፤ ዳር ዳሩም እየተገነጠለ ይሄዳል። ከስፍራው የማይነቀል ቤት አብሮ መሄዱ አይቀርም።

ጣቢያውን ትቶ መሄድ ቀላል አልነበረም፤ በአንታርክቲካ ሰማይ የኦዞን መሳሳት በ1985 ለዓለም የተገለጸው በዚያ ለብዙ ዓመታት በተያዘው መዝገብ ምክንያት ነውና።

በ2013 ተመርቆ የተከፈተው ስድስተኛው ጣቢያ ስምንት ተገጣጣሚ ቤቶች በሰልፍ የተያያዙበት ነው። ሰባቱ ሰማያዊ ሲሆኑ በውስጣቸው መኝታ፣ የምርምር ክፍልና የኤሌክትሪክ ሞተር ይገኛሉ፤ ሰፊው ቀይ ቤት የመመገቢያና የመዝናኛ ነው። ፀሐይ ከመቶ ቀን በላይ በማትወጣበት አገር ይህ ክፍል እንደ ቅንጦት አይቈጠርም። ግድግዳው ቀላልና ጠንካራ ከሆነው ፋይበር ግላስ ተሠርቷል። ዋናው ብልሃት ግን ከእግሩ ነው፤ እያንዳንዱ እግር በዘይት ግፊት ከፍና ዝቅ ይላል፤ ጫፉም በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰፊ ጫማ አለው። ስለዚህ ቤቶቹ ተለያይተው በቡልዶዘር ይጐተታሉ።

ይህ ብልሃት ለፈተና ብዙም አልዘገየም። ለብዙ ዘመን ተኝቶ የነበረ ስንጥቅ እንደገና መስፋት ስለ ጀመረ፣ በ2017 መጀመሪያ ቤቶቹ ሁሉ 23 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ተጐተቱ። ገጣጥሞ ብቻ የሚሸጥ ነጋዴና የሚፈታ ቤት የሚሸጥ ነጋዴ ዋጋቸው ለምን እንደሚለያይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። በጃንዩዋሪ 2023 በዚያው ስንጥቅ በኩል 1,550 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው በረዶ ተገነጠለ፤ የቀድሞው ስፍራ አብሮ ሄደ፤ ቤቶቹ ግን በዚያ አልነበሩም።

ሰዎቹ ከ2017 ወዲህ ክረምቱን በዚያ አያሳልፉም። በክረምት ልኬቱን የሚቀጥሉት ራሳቸውን የሚያንቀሳቅሱ መሣሪያዎች ናቸው፤ ሠራተኞቹ በበጋ ብቻ ይመለሳሉ።