«ማሽኑ ቆሟል፣ ግቡ»፦ ስለ ትልልቅ ኃይል ማመንጫዎች አደጋ የምናምናቸው ተረቶችና እውነታው

በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ጉባ ላይ ስለቆመው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደኅንነት አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ይቸግራል። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለበት ዕለት አንስቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 እስከ ተመረቀበት ቀን ድረስ፣ ከካይሮ እስከ አዲስ አበባ ሲብላላ የኖረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ግድግዳው ይችላል ወይ? 145 ሜትር ከፍታ፣ 1,780 ሜትር ርዝመት ያለው ኮንክሪት 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ተሠርቷልና መጠየቁ ተገቢ ነው። በየማለዳው ፈረቃ ለሚገባው ቴክኒሻን ግን የዕለት ሥጋቱ ከግድግዳው ይልቅ ማሽኑ አጠገብ ነው።

ተረት፦ የግድብ አደጋ ማለት የግድብ መፍረስ ነው

ሳይቤሪያ ውስጥ የኒሴይ ወንዝ ላይ የተሠራው ሳያኖ ሹሼንስካያ ግድብ ከሕዳሴ በ100 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ነሐሴ 11 ቀን 2001 ማለዳ፣ ከ10 ማሽኖቹ ሁለተኛው ክዳኑን በጥሶ ተነሣ። ከ900 ቶን በላይ የሚመዝነው ተሽከርካሪ አካሉ ወደ ላይ ተወረወረ፤ ውሃ አዳራሹን ሞላው፤ 75 ሰዎች ሞቱ። ግድቡ ግን ንቅንቅ አላለም።

ክዳኑን ይዘው ከነበሩት ብሎኖች ተገኝተው ከተመረመሩት 49 ውስጥ 41ዱ በድካም ተሰንጥቀው ነበር። ቢያንስ ስድስቱ ላይ ዳዶ አልነበረም። በዋዜማው ብራትስክ በተባለ ሌላ ማመንጫ እሳት በመነሣቱ፣ የኃይሉን መጠን ከፍ ዝቅ የማድረጉ ሥራ ለሳያኖ ተሰጠ። ሁለተኛው ማሽን በዚያች ሌሊት፣ እንዳይሠራበት የሚመከረውን የጭነት ክልል ደጋግሞ አቋረጠ። ንዝረቱ ከሚፈቀደው ልክ አልፎ ነበር፤ ማሽኑ ግን አልቆመም። አደጋው ሲደርስ ደግሞ መብራት ስለጠፋ የውሃ ማስገቢያ በሮቹን ከመቆጣጠሪያ ክፍል መዝጋት አልተቻለም። ሠራተኞች ግድቡ አናት ላይ ወጥተው በእጅ እስኪዘጓቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ።

«ይሄ ማሽን ዱሮም እንዲህ ይንቀጠቀጣል» የሚል ነባር ሠራተኛ በየፋብሪካው አለ። ልምዱን አልንቅም፤ ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው ቀድሞ ጉድለት የሚሰማው እሱ ነው። ነገር ግን ሰው ከጉድለት ጋር ሲውል ሲያድር ጉድለቱን ይለምደዋል። ስለዚህ ማሽኑ በስንት ንዝረት መቆም እንዳለበት የሚወሰነው አስቀድሞ፣ ረጋ ባለ ሰዓት፣ በጽሑፍ ነው። ሜጋዋት በሚለመንበት ሌሊት ተረኛው ኦፕሬተር ብቻውን እንዲወስን ማድረግ ግፍ ነው።

ተረት፦ ማሽኑ ከቆመ አደጋ የለም

ከሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል፤ እውነት ስለሚመስል።

የቆመ ተርባይን ውስጥ ብዙ ጉልበት ታፍኖ ይቀመጣል። ከላይ በሩ በደንብ ካልተዘጋ በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ እንደተጫነ ነው። ውሃውን የሚመጥኑትን ክንፎች የሚገፋው ዘይት ታንክ ውስጥ በግፊት ታምቋል፤ መብራት ጠፍቶም ክንፎቹን የመዝጋት አቅም አለው። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ እንዲቆም። ያው መከላከያ ግን በክንፎቹ መካከል እጁን ላስገባ ጠጋኝ መቀጥቀጫ ይሆንበታል። ከጉባ በዴዴሳ በኩል ወደ ሆለታ እንደሚሄደው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ላይም እንዲሁ ነው። አንዱ መስመር ተቋርጦ ጎረቤቱ ኃይል ተሸክሞ ከቀጠለ፣ በተቋረጠው ሽቦ ላይ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይፈጠራል። ብሬከሩ ተከፍቷል ማለት ሽቦው ሞቷል ማለት አይደለም። ይለካል፤ ከዚያም ሥራው የሚሠራበት ቦታ ግራውንድ ይደረጋል።

ሎክአውት ታግአውት የሚባለው አሠራር የመጣው ከዚህ ነው። በሩ ይዘጋል፣ የቧንቧው ውሃ እንዲፈስ ይደረጋል፣ የዘይቱ ግፊት ይለቀቃል፣ ብሬከሩ ይከፈታል፤ በእያንዳንዱም ላይ ጓጉንቸር ይገባል፣ የማን እንደሆነ የሚናገር ካርድም ይንጠለጠላል። የጓጉንቸሮቹ ቁልፎች አንድ የብረት ሣጥን ውስጥ ይከተታሉ። ሣጥኑ ደግሞ በእያንዳንዱ ሠራተኛ የግል ጓጉንቸር ይቆለፋል። ስምንት ሰው ከገባ ሣጥኑ ላይ ስምንት ጓጉንቸር ተደርድሯል። ቁልፉ በየሰዉ ኪስ ነው፤ ለአለቃ አይሰጥም፣ ለጓደኛም አይተውም።

እንግዲህ ስምንተኛው ሰው ፈረቃው አልቆ፣ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ረስቶ ወደ አሶሳ በሚሄድ መኪና ተሳፈረ እንበል። ሰባቱ ጓጉንቸር ተነሥቶ የሱ ቀርቷል። ማሽኑ ይፈለጋል፤ ስልክ ይጮኻል፤ የብረት መቁረጫው ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጧል። «ወጥቷል እኮ፣ እኔ አይቼዋለሁ» የሚል ሰውም አይጠፋም። ትክክለኛው መንገድ ግን ረጅም ነው። ሰውየው ውስጥ አለመኖሩ በዓይን ይረጋገጣል፤ ስልኩ ይሞከራል፤ ሥልጣን የተሰጠው ኃላፊ በፊርማው ያስቆርጣል፤ ሰውየው ሲመለስም መሣሪያ ከመንካቱ በፊት ጓጉንቸሩ መቆረጡ ይነገረዋል። ግማሽ ቀን ቢፈጅም ይፈጃል። የአንድ ተቋም የደኅንነት ባህል የሚታየው በዚያ ግማሽ ቀን ነው፤ በር ላይ በተሰቀለው ባነር አይደለም።

ተረት፦ ፐርሚት ቢሮክራሲ ነው

አንዳንዴ እውነት ነው። ፐርሚት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚሞላ የፈቃድ ወረቀት ነው፤ ተሞልቶ የሚፈረም፣ ማንም የማያነበው ፐርሚት ከቢሮክራሲም ይብሳል፤ የሌለ ጥበቃ ያለ ያስመስላል።

በስኮትላንድ ባሕር ላይ የነበረው ፓይፐር አልፋ የተባለው የነዳጅና ጋዝ ማውጫ ሰኔ 29 ቀን 1980 ሲጋይ 167 ሰዎች አልቀዋል። ፐርሚት ነበረ፤ እንዲያውም ሁለት። ቀን ላይ ከአንድ ፓምፕ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቩ ለምርመራ ተነቅሎ አፉ በብረት ሳህን ተከደነ። ሥራው ሳያልቅ ፈረቃ ደረሰ። የሚረከበው ኃላፊ ሥራ በዝቶበት ስለነበር፣ አስረካቢው ወረቀቱን ያለ ቃል አስቀምጦለት ሄደ። ምሽት ላይ ሁለተኛው ፓምፕ ቆመ። ተረኞቹ ስለ መጀመሪያው ፓምፕ ጥገና የተጻፈውን ፐርሚት አገኙ፤ ጥገናው ገና አልተጀመረምና ፓምፑን ማስነሣት ይቻላል አሉ። የቫልቩን ወረቀት አላዩም፤ ፐርሚት የሚቀመጠው በቦታ በቦታው ስለነበር ሌላ ቦታ ነበረ። ፓምፑ ተነሣ፤ ጋዙ አፈተለከ።

ባሕር ውስጥ ጠላቂዎች ስለነበሩ፣ ውሃ ሲስቡ እንዳይጎዷቸው የእሳት ማጥፊያ ፓምፖቹ ራሳቸውን ችለው እንዳይነሡ ተደርገው ነበር። ጠላቂውን የጠበቀው ውሳኔ ቃጠሎውን የሚያጠፋ አሳጣ። ነጥሎ ለሚያየው ሰው እያንዳንዱ ውሳኔ ልክ ነው። ሥራ ቁጥጥር የሚባለው ሙያ የተፈጠረው አንድ ሰው ሁሉንም ፐርሚት አንድ ሰሌዳ ላይ አድርጎ «ይሄኛው ያኛውን ይነካል» እንዲል ነው። ፈረቃ ርክክቡም ፊት ለፊት፣ በቃል፣ ማሽኑ አጠገብ ሲሆን ይሻላል።

ተረት፦ ደኅንነት ማለት ሄልሜት ነው

ሄልሜት ይደረግ። 500 ኪሎ ቮልትን ግን አይመልስም። አደጋውን ከምንጩ ማጥፋት፣ ካልተቻለ ሰውና አደጋውን መለየት ይቀድማል፤ የራስ ቆብና ጓንት የመጨረሻው መስመር ናቸው።

ተረት፦ ከተመረቀ አበቃ

የጊቤ ሁለት ማመንጫ በጥር 2002 ተመረቀ፤ 420 ሜጋዋት፣ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የዋሻው ከፊል ተደረመሰ፤ ማመንጫውም ለወራት ቆመ። ምረቃ የመንግሥት ቀን ነው፤ ዐለቱ የራሱ ቀን አለው።

ሕዳሴ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ማመንጨት ሲጀምር ግንባታው አላለቀም። ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ቦታው ኃይል ማመንጫም የግንባታ ሥፍራም ሆኖ ቆየ። በዚህ ዓይነት ቦታ አንዱ ቡድን ክሬን ያንቀሳቅሳል፣ ሌላው ብረት ይበይዳል፣ ሦስተኛው ኃይል የተሸከመ መሣሪያ ይጠብቃል። «ይህ መሣሪያ ከዛሬ ጀምሮ የኮንትራክተሩ ነው ወይስ የኦፕሬተሩ?» የሚለው ጥያቄ ለእያንዳንዱ ዕቃ በፊርማ ካልተመለሰ፣ የሙከራ ኃይል የሚለቀው ሰው ማን ምን እንደነካ አያውቅም።

ተረት፦ ቀኑ ደርሶ ነው

ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ ይህን ማለት ወግ ነው፤ አይከለከልም። የምርመራ ሪፖርት ላይ ሲጻፍ ግን ዳዶ የሌለውን ብሎን ይሸፍናል። «በተቋማችን ባለፈው ዓመት የአደጋ ሪፖርት ዜሮ» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚሠራበት ቦታ ለጥቂት የሳተ አደጋ እንኳ ካልተመዘገበ፣ ሰዎች መናገር ፈርተዋል ብሎ መጠርጠር ይሻላል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በሚሠራበት መሣሪያ ላይ ያየውን ጉድለት ወዲያው ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ያዛል። አሠሪውንም ሠራተኞቹ ከሥራው ጋር ስላለው አደጋ እንዲያውቁ የማድረግ ግዴታ ጥሎበታል። ይህ ጉባ ላይ ለተርባይን ጠጋኙ እንደሚሠራ ሁሉ፣ ኩርሙክ ላይ ባለው ትልቅ የወርቅ ማዕድን ለሚቀጠረውም ይሠራል። በተግባር ግን ጉድለት የተናገረው ልጅ በማግስቱ ወደ ሌላ ክፍል ከተዛወረ፣ የቀሩት ባልደረቦቹ ምን እንደሚማሩ ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያሻም። ስለዚህ ጋዜጠኛም ሆነ ተቆጣጣሪ ወደ እንዲህ ዓይነት ተቋም ሲገባ፣ ከሄልሜቱ ቀለም በፊት ቢጠይቀው የምመርጠው ሁለት ነገር ነው፤ ባለፈው ወር ስንት ሥራ «አልጀምርም» ተብሎ ቆመ? ያስቆመው ሰው ዛሬ የት ነው የሚሠራው?