የግሪክ በዓላት፦ መቼ ይዘጋል? መቼ ይሠራል?

«ግሪኮች ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኛም ኦርቶዶክስ ነን፣ በዓላችን አንድ ነው» ብሎ ዕቃ የሚያዝ ነጋዴ መክሰሩ አይቀርም። ኪፕሴሊ ሰፈር ሱቅ የከፈተ አንድ ወገናችን በመጀመሪያው ዓመት የገናውን ዕቃ ያስገባው በጃንዋሪ መባቻ ነበር። ግሪኮቹ ደንበኞቹ ገናን አክብረው ጨርሰዋል፤ ዕቃው መደርደሪያው ላይ ከረመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን በ1924 እ.ኤ.አ. ቋሚ በዓላቷን ወደ አዲሱ አቆጣጠር አዛውራለች። ስለዚህ ገናቸው ዲሴምበር 25፣ ጥምቀታቸው ጃንዋሪ 6 ነው፤ የእኛዎቹ 13 ቀን ያህል ዘግይተው ይመጣሉ። የእመቤታችን ፍልሰታም በእነሱ ኦገስት 15፣ በእኛ ነሐሴ 16 ማለት ኦገስት 22 ይውላል። ፋሲካን ግን እነሱም በድሮው ስሌት ስለሚያወጡት ከእኛ ጋር አንድ ቀን ነው። በ2027 ሁለታችንም ሜይ 2፣ ማለትም ሚያዝያ 24 ቀን 2019 ዓ.ም. እንፈስካለን።

ጾሙን እኛ በአንድ ሳምንት እንቀድማቸዋለን። የእነሱ የሚጀምረው «ካታራ ዴፍቴራ» በሚሉት ሰኞ ሲሆን፣ በ2027 ማርች 15 ይውላል። በዚያን ቀን ላጋና የሚባለው ጠፍጣፋ ዳቦና ሐላዋ ይሸጣል፤ ልጆች ካይት ያበራሉ። ደም የሌላቸውን የባሕር ፍጥረታት፣ እንደ ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ያሉትን፣ በጾም ይበላሉ። የጾም ምግብን «ኒስቲሲሞ» ይሉታል። ምግብ ቤት ያላችሁ ይህን ቃል በግሪክኛ ጽፋችሁ ከሽሮውና ከምስር ወጡ አጠገብ ለጥፉት። (ጥብቅ ጾመኛ በአዘቦት ቀን ዘይትም ስለማይበላ፣ ቢጠይቃችሁ እውነቱን ንገሩት።)

ባለታክሲዎች ሆይ፣ ለእናንተ ትልቁ ሳምንት ሰሙነ ሕማማት ነው። ከጸሎተ ሐሙስ ጀምሮ የአቴንስ ሰው ሻንጣውን ይዞ ወደ ፒሬዎስ ወደብ፣ ወደ ኪፊሶስ አውቶቡስ ጣቢያና ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይጎርፋል። ዓርብ ማታ የጌታን የመቃብር ምሳሌ ይዘው በየሰፈሩ ስለሚዞሩ መንገድ ይዘጋል። ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ ትንሣኤ ይታወጃል፤ ሕዝቡ ሻማ አብርቶ ይወጣና ማዪሪትሳ የሚሉትን የበግ ሆድ ዕቃ ሾርባ ሊበላ ወደየቤቱ ይሄዳል። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው፤ ያቺ ሌሊት የሥራም ሌሊት ናት፣ የእኛም ፋሲካ ናት። በእኔ አስተያየት ሐሙስንና ዓርብ ጠዋትን አጥብቆ ሠርቶ፣ ቅዳሜ ማታ መኪናውን አቁሞ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይሻላል። ሰኞና ማክሰኞ ተጓዡ ሲመለስ ደግሞ ገበያው ይመለሳል።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የሥራ ሕግ ዘጠኝ የግዴታ በዓላት ይዘረዝራል፦ ጃንዋሪ 1 እና 6፣ ማርች 25፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ሜይ 1፣ ኦገስት 15፣ ኦክቶበር 28፣ ዲሴምበር 25 እና 26። ስቅለትና ካታራ ዴፍቴራ እዚህ ውስጥ የሉም፤ ባንክ ቢዘጋም ሱቅ የሚዘጋው በልማድ ነው። እንደ ምግብ ቤት በበዓል መክፈት የተፈቀደላችሁ፣ በዓሉን ለሠራ ሠራተኛ በሕጋዊ ደመወዙ ላይ ተሰልቶ 75 በመቶ ጭማሪ ትከፍላላችሁ። የሰዓት ለውጥ ካለም «ኤርጋኒ» በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ላይ ሊገባ ይገባል።

ከሁሉ የሚረሳው «ዶሮ» ነው። የእኛ ዶሮ ሳይሆን፣ በግሪክኛ ስጦታ ማለት ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30 ሙሉውን ለሠራ ሠራተኛ የግማሽ ወር ደመወዝ እስከ ሕማማት ረቡዕ ድረስ፣ ከሜይ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ላለው ደግሞ የአንድ ወር ደመወዝ እስከ ዲሴምበር 21 ድረስ መክፈል ግዴታ ነው። ዘግይቶ የተቀጠረ በሠራው ቀን ልክ ይታሰብለታል። የአገር ልጅ ነው፣ ይታገሠኛል ብላችሁ አትተዉት፤ የሥራ ተቆጣጣሪው ዘንድ ሄዶ ለመክሰስ መብት አለው። ገንዘቡን ከጃንዋሪ ጀምሮ በየወሩ ለብቻው ማስቀመጥ ነው።

በ2027 ሜይ 1 ከቀዳም ሥዑር ጋር ይገጥማል። በ2021 እና በ2024 የሠራተኞች ቀን ከፋሲካ ሰሞን ጋር ሲጋጭ መንግሥት ከፋሲካ በኋላ ወዳለ ቀን አዛውሮት ነበርና፣ የሠራተኛ ፕሮግራም ከማውጣታችሁ በፊት ማስታወቂያውን ተከታተሉ።

የእኛ ገና፣ ጃንዋሪ 7፣ በግሪክ የሥራ ቀን ነው። ሠራተኛችሁ ዕረፍት ከጠየቀ ከዓመት ፈቃዱ በስምምነት ይሰጠዋል። ቀኑ ግን የዮሐንስ መታሰቢያ ስለሆነ ያኒስና ዮአና የሚባሉ ሁሉ ስማቸውን ያከብራሉ፤ በዚህ አገር የስም ቀን ከልደት ቀን ይበልጣል። አበባና ጣፋጭ የምትሸጡ ከዋዜማው ጀምራችሁ አዘጋጁ።